ከሰማይ ያያል ብዬ ያስፈረምኳት

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው የሚናገርልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነኝ። ለአገሬ የሚገባ ዕቃ ከመርከብ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ በከባድ መኪና ተጭኖ ከወደቡ በር እስኪወጣ ድረስ ወረቀቱን ይዘን የምንሯሯጠው እኔና እኔን የመሰሉ ሰዎች ነን። ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ጎማ፣ አንዳንዴም ውስጡ ምን እንዳለ ላኪው ራሱ የረሳው የሚመስል ሳጥን በእጄ ያልፋል። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ምላስ ነው የሚጠይቀው። የጉምሩኩን ሰው በፈረንሳይኛ፣ የክሬኑን ሰው በሶማልኛ፣ የመጋዘኑን ሰው በአረብኛ ማሳመን አለብህ። በዚህ ምላስ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

አገራችን ሳተላይት ያመጠቀች ጊዜ አብዛኛው ሰው ሁለት ቀን አውርቶ ተወው። እኔ አልተውኩትም። ወደብ የሌለው አገር ልጅ ሆኖ በሰው ወደብ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚሰማው የሠራ ያውቀዋል። ጠዋት በር ላይ ትቆማለህ፤ ባጅህን ያዩታል፣ ፊትህን ያዩታል፣ እንደገና ባጅህን ያዩታል። ስንዴው የአገርህ ነው፤ ግን ካልተፈቀደልህ አትነካውም። ሰማይ ላይ በር የለም ብዬ አሰብኩ። እዚያ የቀደመ ይመራል፤ የዘገየ ደግሞ ለዘላለም ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ሳተላይቱ ራሱ ከሰው አገር መሬት መተኮሱን የነገረኝ ሰው ነበር፤ አልሰማሁትም። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ እንባዬን እየጠረግኩ ነበር።

ስለዚህ ከጊዜ በኋላ እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን የመሠረትነው ማኅበር ሰብሳቢ «ለኅዋው ሥራ የድጋፍ ፊርማ አሰባስበን ወደ አገር ቤት እንላክ» ሲል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉንም ያረቀቅኩት እኔው ነኝ፤ «ጉዳዩ፦ አገራችን በኅዋ ምርምር ከአፍሪካ ግንባር ቀደም እንድትሆን ያለንን ሙሉ ድጋፍ ስለመግለጽ» ይላል። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ወረቀት ይጽፋል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ማህተም ይፈልጋል። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ወዳለበት ወደ ፒኬ 12 ነው። ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ከተሳቢዎቻቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ገሚሱ ተኝቷል፣ ገሚሱ ይቅማል። ሐምሌ ነበር፤ ሐምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋውን ፊት ላይ ይበትናል። ወረቀቱን ስዘረጋ ሳቁብኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለ አንድ ሸምገል ያለ የቦቴ ሹፌር። «እስቲ ንገረኝ፣ ያ ሳተላይትህ ከጋላፊ ወዲህ ያለውን ጉድጓድ አይቶታል? ሁለት ጎማ በልቶብኛል እኮ።»

«ያ መንገድ እኮ ከድንበር ወዲህ ነው፤ የእኛ አይደለም» አልኩት።

«ከሰማይ ሲያዩት ድንበር አለው እንዴ?»

ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ተናደድኩ፤ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። «አገር ወደ ኋላ የሚያስቀረው እንዳንተ ያለው ነው» ብዬ ጀመርኩና ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሰበክኩላቸው። በመጨረሻ ፈረሙ። አምነው ይሁን እንድሄድላቸው ብለው አላውቅም። ብዙዎቹ ከስማቸው ጎን የታርጋ ቁጥራቸውን ጻፉ፤ ሹፌር ወረቀት ሲሰጡት እጁ የለመደው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገዱ ሁሉ ጋሽ ሳተላይት ተባልኩ። ለፌዝ እንደሆነ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ የሴቶቹ ተራ ሆነ። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት፣ እዚያው የሚያድሩት እህቶቻችን የሚወጡት አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር ከተከራየሁበት ግቢ ፊት ለፊት ሹሩባ የምትሠራ የአገራችን ሴት አለች፤ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። አብዛኞቹ ሳይጠይቁ ፈረሙ። አንዷ ግን እስክሪብቶውን ተቀብላ ሳትፈርም ያዘችው። ሄሮን በሚባለው ሰፈር በፈረንጆች ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ብዙ የማትናገር የወሎ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለእኔ ቢጤዋ ምን ይሠራላታል?» አለችኝ።

ከአጠገቧ ታናሽ እህቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሹሩባ እየተሠራች ነው፤ የራሷ ግማሽ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ነው፣ ቢጫ ሻሿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች። ከአገር ቤት ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሯ መጥታ ሳምንቷ ነበር። ወደ ኦቦክ ሄዳ፣ ከዚያ በጀልባ የመን ተሻግራ፣ ሳዑዲ ልትገባ ነው የመጣችው። ታላቅየዋ «እዚሁ ሥራ ላስገባሽ» ብላ ስትለምናት እንደከረመች ሹሩባ ሠሪዋ ኋላ ነግራኛለች። ልጅቷ ግን ቁርጧን ቆርጣ ነበር።

ስለ እርሻ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ደን ልነግራቸው እችል ነበር፤ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት እሱን ነው። ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ወለል ለምትወለውል ሴት የደን ነገር ምኗ ነው? የሚይዛት ነገር ፈለግኩ። እምቢ ያለ የጉምሩክ ሰው ፊት ስቆም እንደማደርገው ዓይኗን አየሁና፣

«ይሄ እኮ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል። ባሕር ላይ ሰው ቢጠፋ እንኳ ያየዋል» አልኳት።

ታናሽየዋ ራሷን ቀና አደረገች። ሹሩባ ሠሪዋ «አትንቀሳቀሺ!» ብላ መለሰቻት።

«የእውነትዎን ነው ጋሼ?» አለች ልጅቷ። «ጀልባም ያያል?»

«ጀልባማ ምን አላት!» አልኩ። «ያውም የራሱን አገር ሰው!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ያን ዕለት ወለም ማለቱንም አላወቅኩም። ታላቅየዋ ስሟን ፊደል በፊደል እየተጫነች ጻፈች፤ እኔም አመስግኜ፣ ወረቀቴን አጥፌ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ነሐሴ ከገባ በኋላ፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ የወደቡ በር ጠባቂ ደወለልኝ። «ወርያ፣ አንዲት ሐበሻ ትፈልግሃለች» አለኝ። ስወጣ ያቺ የወሎ ልጅ ናት። ሽርጧን አላወለቀችም፤ በረኪና በረኪና ትሸታለች፤ ብብቷ ሥር ረጅም የፈረንጅ ዳቦ ይዛለች።

«አስፈቅጄ አይደለም የመጣሁት፤ ዳቦ ልግዛ ብዬ ነው። ማዳም ሳትቆጣ መመለስ አለብኝ» አለች። ከዚያ ቀጠለች። እህቷ ከኦቦክ ከደወለችላት ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ዛሬ እንሳፈራለን ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ከእሷ በኋላ የተሳፈሩት ከማዶ ደውለዋል፤ የእሷ ጀልባ ሰዎች ግን አንዳቸውም አልደወሉም።

«አትሳፈሪ ብዬ ባለቅስባት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አትፍሪ፣ ጋሼ ያያል ብለው የለ› አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ።»

ከኋላዬ ተሰልፈው የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ አንድ ሹፌር ወረቀቱን በመስኮት አውጥቶ ይጠራኛል።

«እና አሁን ይይልኝ ጋሼ» አለች። «ፈርሜለት የለ?»

እዚያው ልነግራት ይገባኝ ነበር። ዋሽቼሻለሁ ማለት ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። እኔ ግን «እሺ፣ አጣራለሁ» አልኩ። አጣራለሁ ማለት በእኛ ሥራ ምንም አላደርግም ማለት ነው። እሷ ግን ትራንዚተር አይደለችም፤ አመስግናኝ ዳቦዋን ይዛ እየሮጠች ሄደች።

እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አጣራሁ። አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሳተላይት ምስል የሚመረምር ወዳጅ አለኝ። ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ አልሳቀብኝም።

«ስማኝ፣ ይሄ ለእርሻና ለውኃ የተሠራ ነው» አለኝ። «አንዲት ጀልባ ለእሱ ከነጥብ ታንሳለች። ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ ያልፋል።»

«ሌላ የሚያይ የለም?»

«አለ እንጂ። ግን ባለቤቶቹ የፈለጉትን ነው የሚያዩበት። ማን ፈልጉልን ይበላቸው?»

የዚህ ከተማ ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ቀና ማድረጉ አይቀርም። በጣሪያችን ላይ የስንት አገር ጦር አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ልጆች እንኳ ድምፁን ሰምተው የማን እንደሆነ ይለያሉ። እነዚያ አይተው ይሆናል። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ለማን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን አላውቅም። ሃያ ዓመት በር ሳስከፍት የኖርኩ ሰው አንድም በር አላገኘሁም።

ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ የጅቡቲ ወዳጄንም ጠየቅኩ። ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ማን ተሳፈረ ማን አልተሳፈረ የሚል ዝርዝር የለም፤ እነዚያ ጀልባዎች ሲነሱ ማን ይመዘግባቸዋል?» አለኝ። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ። እኔ በምሠራበት ወደብ አንድ ጆንያ ስንዴ ቢጎድል የጭነቱ ዝርዝር ማኒፌስቱ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ሰው ይጠየቃል፤ ሦስት ቀን የምንጨቃጨቅበት ጊዜ አለ። ለእሷ የሚወጣ ወረቀት ግን የለም። በማግስቱ የአንድ ኮንቴይነር ስህተት ብለው ሲጠሩኝ ጮህኩባቸው፤ ምን እንደነካኝ አልገባቸውም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ታላቅየዋ የግቢዬን በር አንኳኳች። የእህቷን ፎቶ ይዛለች።

«እንዲሁ በቃል አያዩልንም፤ ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለች። «እርስዎ ደግሞ መጻፉን ያውቁበታል።»

ተቀምጬ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የጠፋች እህት ስለመፈለግ» አልኩ። እጄ በለመደው መንገድ ሄደ፤ ለሚመለከተው፣ በትሕትና፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር። ዕድሜዋ አስራ ዘጠኝ መሆኑን፣ ከየት እንደተነሳች፣ መቼ፣ ስንት ሰው አብሯት እንደነበረ የሰማችውን ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ከላይ ሲታይ ፊት ይለያል? ወይስ ልብስ ብቻ ነው?»

ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ስመለስ እንደዚያው ቀና ብላ መልሴን ትጠብቃለች።

«ልብስ ይሻላል» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ይላል? እኔ አልኩት።

«እንግዲያው ቢጫ ሻሽ ይበሉ። ቢጫ ከሰማያዊ ላይ ይለያል።»

ቢጫ ሻሽ ብዬ ጻፍኩ። ፈረመች። እልከዋለሁ ብያት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ አርብ መጣ ሲሉኝ ያመኝ ጀመር። እሷ አልጨቀጨቀችኝም፤ ብትጨቀጭቀኝ በተናደድኩና በገላገለኝ። በሩ ላይ ቆማ «አልመጣም አይደል?» ትላለች፤ «አልመጣም» እላለሁ፤ ትሄዳለች። በሦስተኛው አርብ ብቻዋን አልነበረችም። ሁለት ሴቶች አስከትላለች። አንዷ ወንድሟ፣ አንዷ የአክስቷ ልጅ ከኦቦክ ተነስተው ድምፃቸው የጠፋባቸው ናቸው። ጋሼ ከላይ ያሳዩልናል ብላ ነው ያመጣቻቸው። ፎቶዎቹን ተቀበልኩ። አንደኛው ልጅ የእግር ኳስ ማልያ ለብሶ ይስቃል። ከበስተጀርባው የማን እንደሆነ የማላውቀው አዲስ ቤት አለ። አንድ ቀን ወጥቼ በኋላ በር ልጠፋ ሁሉ አስቤያለሁ፤ ግቢው ኋላ በር የለውም እንጂ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከአገር ቤት በሹፌር እጅ አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። ለድጋፍ ፊርማው የተላከ የምስጋና ምስክር ወረቀት ነበር፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ ከታች ክብ ማህተም። ሰብሳቢያችን አርብ ዕለት የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስቦ፣ ብርቱ አስተባባሪ ብሎ ጠርቶኝ፣ ፊት አቁሞ ሰጠኝ። ተጨበጨበ። የቦቴው ሹፌር ከጎን ሆኖ «ላሚቱ ታለበች!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢሆን ያንን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ እንግዳ በገባ ቁጥር ባነበብኩለት ነበር።

ከመድረኩ ስወርድ ታላቅየዋ ከወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለከች ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት። እንዲህ ስትቻኮል አይቻት አላውቅም። ዓይኗ ማህተሙ ላይ ነው።

«መጣ?» አለችኝ። «መልሱ ነው? ምን ይላል?»

ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት። ከአዳራሹ ጎን አንድ ክንድ የምትሆን ጥላ ነበረች፤ እዚያ ቆምን። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«እህቴ» አልኩ፣ «ይሄ መልስ አይደለም። ስለፈረማችሁ እናመሰግናለን የሚል ወረቀት ነው። ሳተላይቱ ጀልባ አያይም። ሰውም አያይም። ድሮም አያይም ነበር። ያን ዕለት እንድትፈርሚ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። ማመልከቻሽንም አልላክኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።»

አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰው ሽልማት እየተሰጠው ይጨበጨባል። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን ምስክር ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ መለሰችልኝም።

«ሌላ የሚያይ የለም?» አለች።

«ያላቸው አገሮች አሉ። ለማን እንደሚጻፍ ግን አላውቅም። ጠይቄ ነበር።»

«እንግዲያው ያንኑ የጻፍነውን እንላከው።»

«አያዩም እኮ አልኩሽ! ምንም አይሠራም!» ድምፄ ከፍ አለ፤ የተቆጣሁት በማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ሌላ ምን ላድርግ? ያምጡትና አድራሻውን ይጻፉልኝ። በሹፌር እልከዋለሁ።»

ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሄጄ አመጣሁት። ጥላዋ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ፖስታው ላይ የአዲስ አበባውን አድራሻ ባማረ እጅ ጽሑፌ ጻፍኩላት፤ እጄ ሌላ ምንም አይችልም ነበር። ልታሽገው ስትል ቆም አለችና ማመልከቻውን መልሳ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉልኝ» አለች። «ዕድሜዋን። የተወለደችው የመስቀል ለት ነው።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና አስራ ዘጠኝ የሚለውን ሰርዤ ሃያ ብዬ ጻፍኩ።